ጥሎን የሄደውን ረጅም እንመልሰው ወይስ ይቅርብን?

ይኸውላችሁ ወገኖቼ! "የተፉትን መላስ" የሚባለው ነገር በፍቅር ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። በኳስም አለ። በእኔ በራሴ ደርሶ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁና እናንተው ፍረዱ።

ጊዜው ነሐሴ 2011 ዓ.ም.፣ ቦታው ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ከተማ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኛ ስምንት ሆነን አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ውስጥ ተፋፍገናል። የኳስ ያዣችን ስልክ ጮኸ። (ያለን አንድ ኳስ ስለሆነ "ኳስ ያዥ" የሚባል ትልቅ ሹመት አለን!) መልእክቱን ለብቻው አነበበና ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበልን።

"ለጥቅምት ወደ ነፋስ መውጫ እመለሳለሁ። ከፈለጋችሁኝ እጫወታለሁ" ይላል።

ላኪው ያ ረጅሙ ነው። ከዓመት በፊት ጥሎን የሄደው!

ሻይ ቤቱ ተተራመሰ። "አሁኑኑ ይምጣ!" ያለ አለ። "እኔ ቆሜ እያለሁማ አይመጣም!" ያለም አለ። አንዱ "እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ያኔ እናስብበታለን" ብሎ አሳቀን። ከሁሉ በላይ የጮኽኩት ግን እኔ ነበርኩ። የቡድኑ አምበል ነኛ! "ያ ከሃዲ ከተመለሰ እኔ ወጣሁ!" ብዬ ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ሻዩም ፈሰሰ፣ ብርጭቆውም ተሰነጠቀ። ሂሳቡን ማን እንደከፈለ መገመት አያቅታችሁም።

ነፋስና ረጅም ሰው

አንድ ሰው ይህን ያህል ለምን አጨቃጨቃችሁ እንዳትሉኝ መጀመሪያ ስለ ሜዳችን ልንገራችሁ። እናንተ የአዲስ አበባ ልጆች ቅርጫት ኳስ ሲባል የሚታያችሁ የሲሚንቶ ሜዳና ነጭ ሰሌዳ ነው። የእኛው ግን የመረብ ኳስ ሜዳ ነበር። በሁለቱ ጫፍ የባህር ዛፍ ግንድ ተከልን፣ ጣውላ መታንበት፣ በያጅ ለምነን ከፌሮ ያጎበጠልንን ቀለበት ሰቀልን። በከፍታው ግን አላጭበረበርንም። በሜትር ለክተን፣ እንደ ዓለሙ ሁሉ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም አደረግነው።

ችግሩ ነፋሱ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ወደ 3 ሺህ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ከሩቅ የወረወርከውን ኳስ ነጥቆ ሌላ ቦታ ይጥልልሃል። የቀረው ዓለም በሦስት ነጥብ ውርወራ አብዷል። እኛ ዘንድ ከሩቅ መወርወር ሎተሪ እንደ መቁረጥ ነው። ስለዚህ ጨዋታው የሚያልቀው ቅርጫቱ ሥር ነው። ቅርጫቱ ሥር ደግሞ ረጅም ያለው ጌታ ነው!

እሱ ከስማዳ ገጠር ለሙያ ትምህርት የመጣ ልጅ ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ96። መጀመሪያ ያየነው ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ከሰዉ ሁሉ በላይ አንገቱ ብቅ ብሎ ሲሄድ አየነውና ተከትለን ያዝነው። የቅርጫት ኳስ በእጁ ነክቶ አያውቅም ነበር። እግሩን እንዴት እንደሚያዞር፣ ተጋጣሚውን በጀርባው እንዴት እንደሚገፋ፣ ኳስ ከቀለበት ስትመለስ የት ቆሞ እንደሚጠብቃት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስድስት ወር አልፈጀበትም። ሪባውንድ የሚባለው ነገር የእሱ የግል ንብረት ሆነ። እሱ በነበረበት ጊዜ ሜዳችን ላይ አንድም ቀን አልተሸነፍንም።

"ለአንድ ጥንድ ጫማ!"

ግንቦት 2010 ዓ.ም. ከእስቴ ልጆች ጋር ግጥሚያ ያዝን። ጨዋታው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ረጅሙ ልምምድ ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ስልኩ አይሠራም። ታሟል ብለን አሰብን። የጨዋታው ቀን ግን መጣ። ከማን ጋር መጣ መሰላችሁ? መካነ ኢየሱስ ገብቶ፣ ከእስቴ ልጆች ጋር፣ የእነሱን ማሊያ ለብሶ፣ አዲስ ጫማ ተጫምቶ!

በ11 ነጥብ ተሸነፍን። ሲያልቅ እጁን ሊሰጠኝ ወደ እኔ መጣ። እኔ ሁለት እጄን ኪሴ ከተትኩና "ለአንድ ጥንድ ጫማ የተሸጥክ!" አልኩት፣ ሕዝብ እየሰማ። አንዲት ቃል አልመለሰም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ያን ያህል ረጅም ሰው አንገቱን ሲደፋ ከሩቅ ያስታውቃል።

ከዚያ በኋላ ቦታውን የያዘልን 1 ሜትር ከ72 የሆነ ልጅ ነው። ትንሹ እንበለው። ትንሹ ዓመት ሙሉ ዝግባ ከሚያክሉ ሰዎች ጋር ሲጋፋ ከረመ። ክርኑ የተላጠ፣ ጉልበቱ የተገሸለጠ፣ ግን አንድ ቀን ያልቀረ! ነሐሴ ላይ መልእክቱ ሲመጣ እኔ የያዝኩት ክርክር ይኼው ነበር። "ረጅሙን ብንመልስ ለዚህ ልጅ ምን ፊት አለን? ታማኝነት ዋጋ የለውም ወይ?" አልኩ። ስናገረው ለእኔም አማረኝ።

ሎስ አንጀለሶችም ቸግሯቸው ነበር

የሚገርመው፣ እኛ ሻይ ቤት ውስጥ ስንጨቃጨቅ በዚያው ነሐሴ ወር የአሜሪካው ትልቅ ቡድን ሎስ አንጀለስ ሌከርስ በዚሁ ጥያቄ ተወጥሮ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ድዋይት ሃዋርድ የሚባለው ባለ 2 ሜትር ከ8 ሴንተር እ.ኤ.አ. በ2012 ሌከርስ ሲገባ ኮቤ ብራያንት፣ ስቲቭ ናሽና ፓው ጋሶል አብረውት ነበሩ። ዋንጫው በእጃችን ነው ተባለ። ዳሩ ግን ጉዳትና ጭቅጭቅ በዛ። ኮቤ በሚያዝያ 2013 የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ቡድኑ በመጀመሪያው ዙር በሳን አንቶኒዮ 4 ለ 0 ተጠረገ፣ ሃዋርድም በመጨረሻው ጨዋታ ከሜዳ ተባረረ። ያም ሆኖ ክለቡ "አትሂድብን" የሚል ትልልቅ ማስታወቂያ ከተማው ውስጥ ሰቅሎ ለመነው። ሃዋርድ ግን ወደ ሂውስተን ሄደ። በኋላ ለጨዋታ ሎስ አንጀለስ ሲመጣ የተቀበለው ጩኸትና ፉጨት ነበር። (ነፋስ መውጫ ብቻ አይደለችም የምትቀየም!)

ስድስት ዓመት አለፈ። ሃዋርድ ከክለብ ክለብ ተንከራተተ። በ2018/19 የውድድር ዓመት በጀርባ ሕመም ምክንያት የተጫወተው ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ ነው። ነሐሴ 2019 የሌከርሱ ሴንተር ዲማርከስ ከዝንስ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰና ቦታው ባዶ ሆነ። ሌከርሶችም ሃዋርድን መልሰው አስፈረሙት። አፈራረሙ ላይ ግን ልብ በሉ። ውሉ ዋስትና የሌለው ነበር። ካልሆነለት ሊያሰናብቱት ይችላሉ ማለት ነው። ሥራውም ተቆርጦ ተነገረው፤ ኮከብ መሆን የለም፣ ሪባውንድ ያዝ፣ ተከላከል፣ ከሌሎች ጋር እየተቀያየርክ ግባ። ድሮ በጨዋታ 17 ነጥብ ያገባ የነበረው ሰው 7.5 ነጥብና 7.3 ሪባውንድ ይዞ፣ በአማካይ 19 ደቂቃ ያህል እየተጫወተ ጨረሰው። ጥቅምት 2020 ሌከርስ ማያሚን 4 ለ 2 አሸንፎ 17ኛ ዋንጫውን ሲያነሳ ሃዋርድም አብሮ አነሳ።

"አየህ! መመለስ ይሻላል" እንዳትሉኝ ቆዩ። ሃዋርድ ከዋንጫው በኋላ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደና በ2021 እንደገና ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜው መሆኑ ነው! በዚህኛው ጊዜ ቡድኑ በዕድሜ የገፉ ትልልቅ ስሞች የታጨቁበት ነበር። 33 አሸንፎ 49 ተሸነፈ፣ ጥሎ ማለፍም ሳይደርስ ቀረ። ያው ሰው፣ ያው ማሊያ፣ ውጤቱ የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ።

ሌሎችም አሉ። አሎንዞ ሞርኒንግ የማያሚ ምሰሶ ነበር። ኩላሊቱ ታመመ፣ ቡድኑን ለቀቀ፣ በ2003 መጨረሻ የዘመዱ ኩላሊት ተተከለለት። በ2005 ወደ ማያሚ የተመለሰው የሻኪል ኦኒል ተቀያሪ ሆኖ ነው። በ2006 ዋንጫ ባነሱበት የመጨረሻ ጨዋታ አምስት ኳስ በብሎክ መልሷል። አል ሆርፎርድም ከቦስተን በ2019 ወጥቶ በ2021 ተመለሰና በ2024 በ38 ዓመቱ ዋንጫ በላ። በአንጻሩ ቤን ዋላስ በ2004 ዋንጫ ወዳመጣላት ዲትሮይት በ2009 ሲመለስ ቡድኑ በዚያ ዓመት ያሸነፈው 27 ጨዋታ ብቻ ነው፣ የተሸነፈው 55። የዋላስ ጥፋት አልነበረም። ቤቱ ሲፈርስ አንድ ምሰሶ ብቻውን ምን ያደርጋል?

በአገራችንም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሳላዲን ሰይድ ግብጽ፣ ቤልጂየምና አልጄሪያ ከርሞ ወደ ቀድሞ ክለቡ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲመለስ በየካፌው "ድሮ የነበረው ሳላዲን ነው የመጣው ወይስ ሌላ?" የማይል አልነበረም።

ከዚያ የሰማሁት

ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ። ከሻይ ቤቱ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ቀን ረጅሙ ተከራይቶበት ከነበረው ቤት ባለቤት ጋር መንገድ ላይ ተገናኘን። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። ሰላምታ ሳንጨርስ "ያ ልጅ ሊመለስ ነው አሉ፣ እውነት ነው?" አሉኝ። እኔም ያንኑ የጫማውን ነገር አመጣሁ።

እትዬ አዩኝ፣ አዩኝና "አይ ልጄ! እናንተ ቁመቱን አያችሁ እንጂ ሆዱን መች አያችሁ?" አሉ።

የገጠር ተማሪ ኑሮ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ልጁ ከተማ ውስጥ ጠባብ ክፍል ይከራያል። ስንቁ ከቤተሰብ ይመጣል፤ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴም እንጀራ። ስንቅ ካልመጣ ምግብ የለም። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ የረጅሙ አባት ታመሙ። ስንቁ ቆመ። ኪራዩ ተጠራቀመ። ልጁ ጠዋት አንድ እፍኝ ቆሎ በልቶ ይማራል፣ ማታ ከእኛ ጋር ሁለት ሰዓት ይሮጣል፣ ከዚያ ውሃ ጠጥቶ ይተኛል። እትዬ ራታቸውን ሲያካፍሉት ስለሚያፍር ቀድሞ መብራት ያጠፋ ነበር አሉ፣ የተኛ እንዲመስላቸው። የእስቴ ልጆች ያገኙለት ጫማ ብቻ አልነበረም። የሚያድርበት ክፍልና የሕንፃ ሥራ ላይ የቀን ሥራ ነበር። ከመጀመሪያ ደመወዙ ላይ የእትዬን ኪራይ በሰው እጅ ልኳል።

እኔ በየቀኑ አጠገቡ ቆሜ "ጉልበትህን ተጠቀም እንጂ!" እያልኩ እጮህበት የነበርኩት ሰው፣ ጉልበት ከየት ያምጣ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

"ለምን አልነገረንም?" አልኳቸው።

"አንተስ ጠይቀኸዋል?" አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቢሆንም አንድ ክርክር ይቀረኛል ብዬ አሰብኩ፤ የትንሹ ነገር! ታማኙን ልጅ እንዴት አስቀይማለሁ? ለብቻው ጠራሁትና በብዙ ጥንቃቄ ዙሪያ ጥምጥም እየዞርኩ ነገሩን አነሳሁበት። ትንሹ አቋረጠኝ።

"ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቁ ነበር? ወገቤ አለቀ እኮ!"

ክው አልኩ። ለካ ዓመት ሙሉ የሚፈልገው በክንፍ በኩል ሮጦ መጫወት ነው። ቅርጫት ሥር የቆመው ሌላ ሰው ስለጠፋ እንጂ ወዶ አይደለም። "ለትንሹ ብዬ ነው" እያልኩ ለሁለት ሳምንት ስከራከር፣ በትንሹ ስም የምጠብቀው የራሴን ቂም ነበር። ያ እጄን ኪሴ የከተትኩበት ቀን ልክ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው።

እናንተም ዘንድ ከመጣ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ቡድን ለሌላችሁም ይሆናል፤ ጥሎ የሄደ ጓደኛ፣ የተለያችሁት ፍቅረኛ፣ ሱቁን ትቶ የወጣ ሸሪክ "ልመለስ ወይ?" ሲላችሁ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ።

አንደኛ፣ ለምን ሄደ? ከራሱ አፍ ስሙ። እናንተ የምትናገሩት ምክንያት ንዴታችሁ የጻፈው ሊሆን ይችላል። ሰምታችሁ ሲያበቃ አሁንም ክህደት ከሆነ፣ ቢያንስ አውቃችሁ ትቀየማላችሁ።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ምን ሥራ አለን? ሃዋርድ በ2019 የተመለሰው ለታወቀ ሥራ ነው፣ ያውም ለትንሽ ሥራ። "ድሮ ጥሩ ነበርን እኮ" ብቻ ብሎ የሚመለስ ሰው የሚፈልገው ድሮን ነው። ድሮ ደግሞ አይመለስም። የተመላሹም ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ አነስ ያለውን ቦታ ሲነግሩት ፊቱ ከጠቆረ ቢቀር ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ቦታውን ይዞ የቆየውን ሰው ጠይቃችኋል? ከሁሉ በፊት፣ ለብቻው፣ ፊት ለፊት። ስለ እሱ ሆናችሁ አትናገሩለት። ወገቡ አልቆ ሊሆን ይችላል!

አራተኛ፣ "እንቢ" የምትሉት ለማን ብላችሁ ነው? ይኼኛው ይመራል። "ለቡድኑ ጥቅም" የሚለው ቃል ብዙ የግል ቂም ይሸከማል። መልሳችሁ ውስጥ "ምን ይሉኛል" የሚል ካለበት እንደገና አስቡ። "እሺ" የምትሉትም ብትሆኑ ያው ነው። ብቸኝነት ወይም ሽንፈት ስላስጨነቃችሁ ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲመጣ ጭንቀታችሁ አብሮት ይቀመጣል።

ጥቅምት

መልሰን ጻፍንለት። "ና። ግን የምትጀምረው ከተቀያሪ ወንበር ነው፣ ልምምድ መቅረት የለም፣ ችግር ካለብህ ትናገራለህ" አልን። የመጨረሻውን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ሌላም ነገር አደረግን። ከየቤታችን ገብስም ድንችም እያዋጣን የጋራ ስንቅ አቋቋምን፣ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ከገጠር ለመጡት ለሦስቱም ልጆች።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀን ረጅሙ ሜዳው ዳር ቆሞ እኔን ያየኛል። ምን እንደምለው አላወቅኩም። ያ ሻይ ቤት ውስጥ የተቀለደው ትዝ አለኝና ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አነሳሁ። ማጅራቴ ላይ አድርጌ ወደ እሱ ሄድኩ። በአገራችን ወግ ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለው ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ረጅሙ ድንጋዩን ከትከሻዬ አነሳና ወረወረው። "አንተ ደግሞ!" አለኝ። ሌላ ምንም አላልንም፣ ኳሱን አመጡና ጀመርን።

ከእስቴ ጋር ስንገናኝ በሦስት ነጥብ አሸነፍን። ረጅሙ ግማሹን ጨዋታ ያህል ነው የተጫወተው፣ ትንሹ በክንፍ በኩል እንደ ፌንጣ ሲዘል ዋለ። በቀጣዩ ወር ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ ክፉኛ ተደቆስን፤ ረጅም ሰው ሁሉን ነገር አይፈታም። ይኼንንም ልነግራችሁ ይገባል።

ረጅሙ ትምህርቱን ሲጨርስ ሥራ አግኝቶ እንደገና ሄደ። በሁለተኛው ጊዜ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በፊት ነገረን፣ የመጨረሻውን ልምምድ አብሮን ሠራ፣ እትዬ ዘንድ ሁላችንም ቡና ጠጣን። መኪናው ሲነሳ በመስኮት እጁን ዘረጋልኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ አልነበረም።